ያልተሰመረው ባሕር፦ ኤድመንድ ሃሌይና የእኩል ዋጋ መስመሮች

በስታቲስቲክስ የኮምፒውተር ቋንቋዎች፣ በተለይም አር በተሰኘው፣ በረድፍና በአምድ የተደረደረን የቁጥር ማትሪክስ ወደ ባለቀለም የኮንቱር ሥዕል መለወጥ የአንድ መስመር ትእዛዝ ሥራ ሆኗል። ተመራማሪው ማትሪክሱን ያቀርባል፤ ፕሮግራሙ እኩል ዋጋ ያላቸውን ስፍራዎች በመስመር ያያይዛል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለውንም ቦታ ደረጃ በደረጃ በቀለም ይሞላዋል። ዓይን በሺህ ከሚቆጠሩ ቁጥሮች ውስጥ ፈልጎ የማያገኘውን ከፍታና ዝቅታ በአንድ እይታ ያገኘዋል። ችግሩ ቀለሙ አለማዳላቱ ነው። በመሣሪያ የተለካው ስፍራም ሆነ በሁለት ልኬቶች መካከል በስሌት የተገመተው ስፍራ በአንድ ዓይነት ድምቀት ይቀባል፤ አንባቢውም አንዱን ከሌላው የሚለይበት ምልክት አያገኝም።

ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን የሚመለከተው በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ነው። ኤድመንድ ሃሌይ በስሙ በሚጠራው ጅራታም ኮከብ በዓለም ሁሉ ይታወቃል። ታትመው እስከ ዘመናችን ከቆዩት ካርታዎች መካከል እኩል ዋጋ ያላቸውን ስፍራዎች በመስመር በማያያዝ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰውን ካርታ ያዘጋጀ እርሱ መሆኑ ግን ከሥነ ምድርና ከካርታ ሥራ ባለሙያዎች ውጭ እምብዛም አይነገርለትም። ካርታውን እንዴት እንደሠራውና የት ላይ መስመሩን እንዳቆመ መመርመር፣ ዛሬ ማትሪክስ በቀለም ለሚሥል ሰው የሚጠቅም ይመስለኛል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሳሙና አምራቹ ቤት

ሃሌይ በ1656 በለንደን አጠገብ በምትገኘው ሃገርስተን ተወለደ። አባቱ ሳሙና በማምረት የበለጸገ ነጋዴ ነበር፤ ለልጁ ትምህርትም ሆነ ለመሣሪያ መግዣ ገንዘቡን አልሰሰተም። ልጁ በለንደን በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤት ሲማር ለቋንቋም ለሒሳብም የተመቸ ሆነ። በ1672፣ ገና የትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ በለንደን የኮምፓስ መርፌ ከትክክለኛው ሰሜን 2 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ያህል ወደ ምዕራብ ዘንበል እንደሚል ለክቶ መዘገበ።

ይህ ልኬት የቀረውን የሕይወቱን ታሪክ ስለሚያስረዳ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። የኮምፓስ መርፌ በትክክል ወደ መልክዓ ምድራዊው ሰሜን አያመለክትም። እንደየቦታው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ይዘነፋል፤ በዚህ ጽሑፍ ይህን ልዩነት ዝንፈት እንለዋለን። ዝንፈቱ በቦታ ብቻ ሳይሆን በጊዜም ይለወጣል። በለንደን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ መርፌው ወደ ምሥራቅ ይዘነፍ ነበር፤ ሃሌይ በተወለደበት ዘመን ግን ዜሮ ላይ ደርሶ ወደ ምዕራብ መሻገር ጀምሮ ነበር። ልጁ የለካው እንግዲህ የሚንቀሳቀስን ነገር ነው።

በ1673 ወደ ኦክስፎርድ ገባ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ትምህርቱን ሳይጨርስ፣ በሃያ ዓመቱ፣ በደቡብ አትላንቲክ ወዳለችው የሴንት ሄሌና ደሴት በመርከብ ተጓዘ። ዓላማው ከአውሮፓ የማይታዩትን የደቡብ ሰማይ ከዋክብት መመዝገብ ነበር። ደመናና ዝናብ ቢያስቸግሩትም የ341 ከዋክብትን አቀማመጥ ይዞ በ1678 ተመለሰ። በዚያው ዓመት በንጉሡ ትእዛዝ የማስተርስ ዲግሪ ተሰጠው፤ የሮያል ሶሳይቲም አባል ሆነ።

ከዚያ በኋላ ስለመጡት ሃያ ዓመታት ብዙ የተጻፈ ስላለ አጠር አድርጌ አልፋቸዋለሁ። በ1684 ወደ ካምብሪጅ ሄዶ አይዛክ ኒውተንን ስለ ፕላኔቶች ምሕዋር ጠየቀው፤ ከዚህ ጥያቄ የኒውተን ታላቅ መጽሐፍ ተወለደ። ሮያል ሶሳይቲ ገንዘቡን ስለ ዓሣዎች በሚናገር ባለ ሥዕል መጽሐፍ ላይ አውጥቶ ጨርሶ ስለነበር፣ ሃሌይ በ1687 የኒውተንን መጽሐፍ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። ማኅበሩ የሃሌይን ደመወዝ የከፈለው ሳይሸጡ በቀሩት የዓሣ መጻሕፍት መሆኑን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አይቀርም።

በእነዚሁ ዓመታት ከጉዳያችን ጋር በቀጥታ የሚያያዙ ሁለት ሥራዎችን አውጥቷል። በ1686 በሐሩር ክልል ባሕሮች ላይ የሚነፍሱትን ቋሚ ነፋሳት በካርታ ላይ በጭረት አሳየ፤ ይህ ከመጀመሪያዎቹ የአየር ጠባይ ካርታዎች አንዱ ነው። በ1693 ደግሞ ብሬስላው ከምትባለው ከተማ የተገኘውን የልደትና የሞት መዝገብ መሠረት አድርጎ በየዕድሜው በሕይወት የሚኖረውን ሕዝብ ብዛት በሠንጠረዥ አስቀመጠ። በሁለቱም ሥራዎች የሚታየው አንድ ጠባይ ነው፦ ሌሎች በየቦታው የበተኑትን ቁጥር ሰብስቦ ዓይን በሚይዘው ቅርጽ ማስቀመጥ።

የኬንትሮስ ችግር

በዘመኑ የመርከበኞች ሕይወት የተመሠረተው በሁለት ቁጥሮች ላይ ነበር። ኬክሮስን ከፀሐይ ወይም ከሰሜን ኮከብ ከፍታ ማወቅ ይቻላል። ኬንትሮስን ለማወቅ ግን የመነሻው ወደብ ሰዓት በመርከቡ ላይ ሳይዛነፍ መታወቅ አለበት፤ ይህን የሚያደርግ የባሕር ሰዓት አልነበረም። መርከበኛው በፍጥነትና በአቅጣጫ ግምት ይጓዛል፤ ግምቱ ሲስት ዳርቻው ሳይጠበቅ በጨለማ ይደርሳል። በ1707 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያሉበትን በትክክል ባለማወቃቸው በሲሊ ደሴቶች አለት ላይ ተሰባብረው ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ስለዚህ አንድ አሳብ ብዙዎችን ሳበ። ዝንፈት ከቦታ ወደ ቦታ የሚለያይ ከሆነ፣ በየቦታው ያለውን ዝንፈት አስቀድሞ የሚያውቅ መርከበኛ የራሱን ኮምፓስ ተመልክቶ ያለበትን ኬንትሮስ ሊደርስበት ይችላል። ኮምፓስ በእያንዳንዱ መርከብ ላይ አለ። የጎደለው ካርታው ነው።

ሃሌይ በ1683 ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች የተገኙ የዝንፈት ልኬቶችን ሰብስቦ አሳትሞ፣ ምድር አራት መግነጢሳዊ ዋልታዎች አሏት የሚል መላምት አቀረበ። በ1692 መላምቱን አስፍቶ፣ ምድር ውጫዊ ቅርፊትና በውስጧ ለብቻው የሚሽከረከር አካል ያላት ናት አለ፤ ዝንፈት በጊዜ የሚለወጠውም በዚህ ምክንያት ነው ብሎ ያምን ነበር። ይህ መላምት ስሕተት መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። እርሱ ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተወውም፤ በሰማንያ ዓመቱ በተሣለው ምስል ላይ እንኳ በእጁ የያዘው ወረቀት አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉ ሉሎችን ያሳያል። አንባቢ ይህን እንዲያስታውስ እጠይቃለሁ፤ ካርታው ላይ ስንደርስ የሚያስገርመው ይህ ነውና።

የፓራሞር ጉዞዎች

በ1698 መንግሥት ፓራሞር የምትባል አነስተኛ መርከብ ሰጠው። ርዝመቷ 52 ጫማ ብቻ ነበር። ሃሌይ የባሕር ኃይል ሰው ሳይሆን የካፒቴንነት ሹመት ተሰጥቶት አዘዘባት፤ ይህ በዘመኑ እጅግ ያልተለመደ ነገር ነው። ተልእኮው የአትላንቲክን ዝንፈት መለካት ነበር። ለሳይንሳዊ ልኬት ብቻ ተብሎ መርከብ በመንግሥት ወጪ ሲላክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያው ጉዞ አልሰመረም። የመርከቡ ሁለተኛ አዛዥ ቀደም ሲል ስለ ኬንትሮስ የጻፈው ድርሰት ተቀባይነት ስላላገኘ በሃሌይ ላይ ቂም ይዞ ነበር፤ ትእዛዙን አልታዘዝም እስከማለት ደረሰ። ሃሌይ መርከቡን ራሱ እየመራ በ1699 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። የሥነ ፈለክ ሊቁ ያለ ሙያተኛ አዛዥ እርዳታ አትላንቲክን መሻገሩ ለጠላቶቹ መልስ ሆኗቸዋል።

ሁለተኛው ጉዞ በመስከረም 1699 ገደማ ተጀምሮ አንድ ዓመት ያህል ፈጀ። በጉዞው መጀመሪያ ላይ አንድ ልጅ እግር መርከበኛ ባሕር ውስጥ ወድቆ ጠፋ፤ ሃሌይ ይህን ሐዘን ከልቡ አላወጣውም ይባላል። ከኬፕ ቨርዴ ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ወረደ። በ1700 መጀመሪያ ከ52 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ አልፎ ሳለ በጉም ውስጥ ግዙፍ የበረዶ ተራሮች ተደቀኑበት፤ ጥቂት ሲቀረው አንዱ መርከቢቱን ይሰባብራት ነበር። ወደ ሰሜን ተመልሶ በሴንት ሄሌና፣ በብራዚል ጠረፍ፣ በባርባዶስና በቤርሙዳ አድርጎ እስከ ኒውፋውንድላንድ ዘለቀ። በብራዚል የባሕር ወንበዴ መስሎ ተያዘ፤ በኒውፋውንድላንድ የእንግሊዝ ዓሣ አጥማጆች በዚሁ ጥርጣሬ ተኮሱበት።

የልኬቱ ሥራ የሚከናወነው እንዲህ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ወይም ስትጠልቅ በአድማስ ላይ ያለችበት አቅጣጫ በኮምፓስ ይነበባል። በዚያ ቀንና በዚያ ኬክሮስ ፀሐይ በትክክል የት መውጣት እንዳለባት ደግሞ በስሌት ይታወቃል። የሁለቱ ልዩነት ዝንፈቱ ነው። ደመና ካለ ልኬት የለም፤ መርከቧም በማዕበል ስትናወጥ መርፌው አይረጋም። ከዚህ ሌላ አንድ ችግር አለ፦ ልኬቱ የተወሰደበት ቦታ ኬንትሮስ ራሱ በአብዛኛው በግምት የተገኘ ነው። በዛሬ አነጋገር ስሕተቱ በማትሪክሱ እሴቶች ውስጥ ብቻ ሳይሆን በአግድሙ ዘንግ ላይም ነበረ ማለት ነው። ሃሌይ የጨረቃን አቀማመጥ በመመልከት በተቻለው ጊዜ ኬንትሮሱን ያርም ነበር።

ካርታው

በ1701 የአትላንቲክ ካርታ ታተመ። በባሕሩ ላይ እኩል ዝንፈት ያላቸው ስፍራዎች በተጣመሙ ለስላሳ መስመሮች ተያይዘዋል፤ ከመስመር ወደ መስመር ያለው ልዩነት አንድ ዲግሪ ነው። ዝንፈት የሌለበት መስመር በድርብ ተሰምሯል፤ በቤርሙዳ፣ በኬፕ ቨርዴና በሴንት ሄሌና አጠገብ ያልፋል። በካርታው ላይ ሌላም መስመር አለ፤ እርሱም ፓራሞር የተጓዘችበት መንገድ ነው።

ካርታውን ዛሬ በጥሞና የሚመለከት ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው የመስመሮቹን ውበት ነው። እኔ ግን ይበልጥ ያስደነቀኝ የመርከቡ መንገድ ነው። ካርታውን የሚያነብ ካፒቴን የትኛው መስመር በተለካ ስፍራ እንደሚያልፍና የትኛው ከመንገዱ እጅግ ርቆ በግምት እንደተሰመረ በገዛ ዓይኑ ሊፈርድ ይችላል። ማስረጃውና መደምደሚያው በአንድ ገጽ ላይ ናቸው።

በቀጣዩ ዓመት ሃሌይ ሥራውን ወደ ዓለም ካርታ አሰፋው። ለሕንድ ውቅያኖስ ሌሎች መርከበኞች ያመጧቸውን ልኬቶች ተጠቀመ። ወደ ፓስፊክ ሲደርስ ግን መስመሮቹ የሉም። በቂ ዘገባ ስላልነበረው ሊያሰምር እንዳልደፈረ ለአንባቢ በግልጽ አስታወቀ፤ የዓለምን ትልቁን ውቅያኖስም ባዶ ተወው። መስመሮቹ በየብስ ላይም አይቀጥሉም፤ የአፍሪካና የአሜሪካ ዳርቻ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ።

ይህን ያደረገው መላምት የሌለው ሰው አይደለም። ቀደም ሲል እንዳየነው አራት ዋልታዎችና ተሽከርካሪ ውስጣዊ አካል ነበሩት፤ የሚያምንባቸውም ነበሩ። ከእነዚህ ተነሥቶ ፓስፊክን በሚያምሩ መስመሮች ለመሙላት ቢፈልግ የሚከለክለው አልነበረም፤ ገዢውም ባዶ ባሕር ካለበት ካርታ የሞላውን ይመርጥ ነበር። ሃሌይ ግን የሚያምንበትንና የለካውን ለያይቶ አስቀመጠ። በእኔ ግምት የካርታው ትልቁ ሳይንሳዊ ዋጋ በዚህ ባዶ ስፍራ ላይ ነው።

ካርታው ለኬንትሮስ ምን ያህል ጠቀመ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መስመሮቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚወርዱበትና ተቀራርበው በሚገኙበት ባሕር ዝንፈቱ በኬንትሮስ ፈጥኖ ስለሚለወጥ ካርታው ያገለግላል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚዘረጉበት ግን መርከቡ ለብዙ ቀናት ተጉዞም ኮምፓሱ ያንኑ ቁጥር ያሳያል፤ ስለ ኬንትሮስ ምንም አይናገርም። ሃሌይ ይህን ያውቅ ነበር። መስመሮቹ በጊዜ እንደሚንቀሳቀሱም ያውቅ ስለነበር ካርታው ለ1700 አካባቢ የሚሠራና ወደፊት መታረም ያለበት መሆኑን አስጠንቅቋል።

ከባሕር ወደ ማትሪክስ

የእኩል ዋጋ መስመር አሳብ ከሃሌይ በኋላ ወደ ሌሎች የጥናት መስኮች ተሻገረ። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1817 እኩል አማካይ ሙቀት ያላቸውን ስፍራዎች በዚሁ ዘዴ አያያዘ። ከማትሪክስ ጋር ያለውን ዝምድና በግልጽ ያሳየው ግን ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሌዮን ላላን ነው። በ1843 ሃሌ በምትባለው የጀርመን ከተማ የተለካውን ሙቀት በአንድ በኩል በወራት፣ በሌላ በኩል በቀኑ ሰዓታት ደርድሮ በሠንጠረዡ ላይ የኮንቱር መስመሮችን አሰመረ። ከዚያ ወዲህ ዘንጎቹ የግድ ቦታ መሆን አላስፈለጋቸውም፤ ረድፍና አምድ ያለው ማንኛውም የቁጥር ሠንጠረዥ እንደ አገር ካርታ ሊሣል ቻለ።

አር ውስጥ ለዚህ የሚያገለግሉት ትእዛዞች ኮንቱር፣ ኢሜጅና ፊልድ ኮንቱር ይባላሉ። የመጀመሪያው መስመር ብቻ ያሰምራል፤ ሁለተኛው እያንዳንዱን የማትሪክስ ሕዋስ በቀለም ይሞላል፤ ሦስተኛው በመስመሮች መካከል ያለውን ቦታ ቀብቶ የቀለም መለኪያ በጎን ያስቀምጣል። ተማሪዎች በተለምዶ የሚለማመዱበት ማትሪክስ ቮልካኖ የተሰኘው ነው፤ በኒውዚላንድ ኦክላንድ የሚገኘውን የማውንጋ ፋው ኮረብታ ከፍታ በ10 ሜትር ርቀት መረብ በ87 ረድፍና በ61 አምድ ይዟል። ከቋንቋው ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ሮስ ኢሃካ ከወረቀት ካርታ ወደ ቁጥር የለወጠው ሲሆን፣ መረጃው እንደ ትክክለኛ ልኬት መወሰድ እንደሌለበት በመግለጫው ላይ ተጽፏል። ይህን መግለጫ አንብቦ ሥዕሉን የሠራ ተማሪ ብዙ አይመስለኝም።

በሃሌይ መንገድ ለሚሄድ ሰው ጥቂት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። ትእዛዞቹ የማትሪክሱን ረድፍ በአግድሙ ዘንግ፣ አምዱን በቋሚው ዘንግ ላይ ያስቀምጣሉ፤ የመጀመሪያው አምድም ከታች ይሆናል። ስለዚህ በስክሪን ላይ በቁጥር የታተመው ማትሪክስ ሲሣል ሩብ ዙር ወደ ግራ ዞሮ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመጀመሪያውን የዝናብ ካርታውን ሲሠራ ይህን ሳያውቅ ሰሜንን በጎን በኩል አስቀምጦ ለሁለት ሳምንት ያህል ውጤቱን ሲተረጉም ቆይቷል። ይባስ ብሎ አብዛኞቹ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች በደጋው በመኪና መንገድ ዳር የተተከሉ ሆነው ሳለ ቆላው ሁሉ በደማቅ ቀለም ተሞልቶ ነበር። ያ ቀለም ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ መልስ አልነበረውም።

ቀለሙ የመጣው ማትሪክሱ ከመሣሉ በፊት ከተሠራው ግምት ነው። ልኬት በተበታተኑ ነጥቦች ሲወሰድ በመጀመሪያ ወደ መደበኛ መረብ መለወጥ አለበት። አኪማ በሚባለው ጥቅል ውስጥ ያለው ኢንተርፕ የተሰኘ ትእዛዝ በተለመደው አሠራሩ ከውጨኛዎቹ ነጥቦች ክልል ውጭ ያለውን አይገምትም፤ በዚያ ስፍራ ኤንኤ የሚል የጎደለ መረጃ ምልክት ያኖራል፤ ሥዕሉም በዚያ ባዶ ይቀራል። ለስላሳ ግምት መርጦ ከክልሉ ውጭ እንዲቀጥል የፈቀደለት ሰው ግን ፓስፊክን ሞልቶ ያገኘዋል። ባዶውን ስፍራ የሚያስቀረው ወይም የሚያጠፋው ተመራማሪው በትእዛዙ ውስጥ የሚያሰፍራት አንዲት ቃል ናት።

የመርከቡን መንገድ በካርታው ላይ ማሳየትም እንዲሁ ቀላል አይደለም። በፊልድ ኮንቱር የተሠራ ሥዕል ላይ ፖይንትስ በሚለው ትእዛዝ ጣቢያዎቹን ለመጨመር የሚሞክር ሰው ነጥቦቹ ከቦታቸው ሸሽተው ያገኛቸዋል፤ የቀለም መለኪያው የገጹን አንድ ክፍል ስለያዘ መጋጠሚያው ተዛብቷልና። ነጥቦቹ መጨመር ያለባቸው ፕሎት አክሲስ በሚባለው የትእዛዙ ክፍል ውስጥ ነው። ብዙዎች ይህ ሲያስቸግራቸው ነጥቦቹን ትተው ቀለሙን ብቻ ያሳትማሉ፤ በዚህም ምክንያት ሃሌይ ለካፒቴኖቹ የሰጠውን የመፍረድ ዕድል ለአንባቢያቸው ይነፍጋሉ። ስለ ቀለም ምርጫም አንድ ነገር ልጨምር፦ የቀስተ ደመና ቀለማት ለዓይን ቢስቡም ቢጫው ከሌሎቹ ይልቅ ስለሚያበራ በመረጃው ውስጥ የሌለ ድንበር ይፈጥራሉ። ከፈዛዛ ወደ ደማቅ በእኩል እርከን የሚሄድ የቀለም ስልት የበለጠ የታመነ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ሃሌይ በ1704 በኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1705 በ1531፣ በ1607ና በ1682 የታዩት ጅራታም ኮከቦች አንድ መሆናቸውን በስሌት አሳይቶ በ1758 ገደማ እንደሚመለስ ተነበየ። በ1715 በእንግሊዝ ላይ የሚያልፈውን የፀሐይ ግርዶሽ አስቀድሞ በካርታ አወጣ፤ የጨረቃ ጥላ በአገሪቱ ላይ እንደ ጥቁር ሞላላ ተቀብቷል። ሕዝቡ ግርዶሹ በየቦታው የቆየበትን ጊዜ እንዲመዘግብ ጠየቀ፤ ከየአውራጃው በደረሱት ዘገባዎች መሠረትም የጥላውን ድንበር አርሞ ካርታውን እንደገና አሳተመ። ግምትን በቀለም ማውጣት፣ ከዚያም በልኬት ማረም እንደ አንድ ሥራ ሁለት ክፍሎች ይቆጥራቸው ነበር።

በ1720 የንጉሡ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሆኖ ወደ ግሪኒች ሲሄድ የቀድሞው ኃላፊ ወራሾች መሣሪያዎቹን ሁሉ ወስደው ስለነበር የተረከበው ባዶ ቤት ነው። ዕድሜው ከስድሳ አልፏል። በዚህ ዕድሜው የጨረቃን እንቅስቃሴ ሙሉ ዑደት ለመከታተል አሥራ ስምንት ዓመት የሚፈጅ የልኬት ሥራ ጀመረ፤ ፈጸመውም። የዚህም ዓላማ ኬንትሮስ ነበር። በ1730 ገደማ ጆን ሃሪሰን የሚባል የእንጨት ሠራተኛ የባሕር ሰዓት አሳብ ይዞ መጣ፤ ሃሌይም በቅንነት ተቀብሎ ጆርጅ ግርሃም ወደተባለው ታዋቂ ሰዓት ሠሪ ላከው። የኬንትሮስን ችግር በመጨረሻ የፈታው የሃሪሰን ሰዓት ነው፤ የዝንፈት ካርታም ሆነ የጨረቃ ሰንጠረዥ ተቀናቃኙን በዚህ መልክ አስተናገደ።

ሃሌይ በጃንዋሪ 1742 በ85 ዓመቱ አረፈ፤ በግሪኒች አጠገብ በሊ ተቀበረ። ጅራታሙ ኮከብ በ1758 የገና ዕለት ታየ።

የመግነጢስ ልኬት ዛሬ በቋሚ ጣቢያዎች ይካሄዳል፤ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አካባቢ የሚገኘው የአዲስ አበባ ጣቢያም ከ1958 ጀምሮ መዝግቧል። ሃሌይ መስመሩን በአፍሪካ ዳርቻ ባቆመበት ምድር ላይ የሚገኝ አንድ የልኬት ነጥብ ነው።

ካርታው ግን ጊዜው አልፎበት ነበር። እርሱ ባረፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1744፣ ዊልያም ማውንቴንና ጄምስ ዶድሰን መስመሮቹን በአዳዲስ ልኬቶች አርመው አሳተሙት፤ በ1756ም ደገሙት። ለዚህ ሥራ ከሃምሳ ሺህ በላይ ልኬቶችን ከመርከቦች መዝገብ ሰብስበዋል። በ1757 ልኬቶቹን በየ5 ዲግሪ ኬክሮስና በየ5 ዲግሪ ኬንትሮስ ደርድረው ለተለያዩ ዓመታት በሠንጠረዥ አቀረቧቸው። የሃሌይ መስመሮች በዚህ መልክ ወደ ረድፍና አምድ ተመለሱ። ዛሬ ይህን ሠንጠረዥ በአር ለመሣል የሚፈልግ ተማሪ የሚጠብቀው ሥራ ጥቂት ነው፤ ዘንጎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ስላለባቸው ኬክሮሶቹን ከደቡብ ወደ ሰሜን ያስተካክላል፣ ልኬት በሌለበት ሕዋስም ኤንኤ ይጽፋል።